በጸሎተ ሐሙስ ያጠብኩት እግር

ባለቤቴ የሞተው ሆፕኪንስ በሚባለው ከተማ በሚገኝ ነርሲንግ ሆም፣ በአረጋውያንና ሕሙማን መጦሪያ ውስጥ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ሲናገርልኝ ስለኖረ ነው። እኔ ራሴ ዕድሜዬን እንዲህ ባለ ቤት ሕሙማን በመንከባከብ ሥራ ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። ግማሽ አካሉ የማይታዘዘውን ሰው ብቻዬን ማገላበጥ እንደማልችል፣ ሥራዬን ብተው ደግሞ ቤታችን እንደማይቆም አውቅ ነበር። አስገባሁት። ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ በእጄ አጎረስኩት።

ለቅሶው ላይ አንዲት ሴት፣ ወደዚህ አገር ስንመጣ አንድ አፓርታማ የተጋራን፣ እህቴ የምላት፣ ለቀስተኛው በተሰበሰበበት ድምጿን ሳትቀንስ፣ "ሰው እያለው ሰው እንደሌለው፣ ፈረንጅ እጅ ላይ ጥላ ገደለችው" አለች። ማንም አላረማትም። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ከአርባው በኋላ እነሱ ወደሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን እግሬ አልረገጠም።

ኤፒስኮፓል የሚባለው የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን የገባሁት ሃይማኖት መርምሬ አይደለም። በባለቤቴ ክፍል፣ ከመጋረጃው ወዲያ ለተኛው ሽማግሌ አንዲት ቄስ በየሳምንቱ ቁርባን ታመጣ ነበር። ሴት ቄስ ሳይ መጀመሪያ ፊቴን አዞርኩ። እሷ ግን ስትጨርስ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ ለባለቤቴም ልጸልይለት ወይ ብላ ትጠይቀኝ ነበር። ሳትጠይቀኝ አንድም ቀን አልጸለየችም። ከወገኖቼ ምን ላግዝሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ወረድ ብሎ ወዳለው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኗ ሄድኩ።

የመሠዊያውን ልብስ ከሚያጥቡና ከሚተኩሱ ሴቶች ጋር ሆንኩ። ሴት መቅደስ በማትገባበት ላደግኩ ሰው ይህ ቀላል አልነበረም፤ መጀመሪያ ሰሞን ልብሱን ደጃፉ ላይ አቀብላቸው ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ወርደን ሾርባ እንቀምሳለን። ባለቤቴ የት እንደሞተ ስነግራቸው ማንም አላፈረብኝም። ቄሷ ስታስተምር ደጋግማ የምትለው ነገር ነበር፤ ልባችን እስኪፈቅድ አንጠብቅም፣ መጀመሪያ መልካሙን እናደርገዋለን ትላለች። የሰነፍ ትምህርት ይመስለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ያቺ ለቅሶው ላይ የተናገረችብኝ ሴት እዚያው መጣች። ዉድበሪ የምትኖረው ልጇ ያገባችው ሰው የዚያ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ኖሯል። በዎከር፣ በእጅ በሚገፋ መደገፊያ፣ እየተደገፈች ስትገባ አየኋትና በመካከላችን ምሰሶ እንዲሆን ቦታዬን ቀየርኩ። በቅዳሴው መካከል ሰው ሁሉ ተነስቶ "ሰላም ላንቺ ይሁን" እየተባባለ ሲጨባበጥ እኔ በምሰሶው ወዲህ ካሉት ጋር ብቻ እጨባበጥ ነበር። አይታኛለች፤ እሷም አልመጣችም።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። እኛ ዘንድ በዚያ ቀን እግር የሚያጥበው ካህን ነው፤ ምእመን ታጥቦ ይሄዳል። እዚህ ግን ልማዱ ሌላ ነው። የታጠበው ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ይንበረከክና ቀጣዩን ያጥባል። ይህን ስለማውቅ ከኋላዬ ማን እንዳለ አይቼ ነው የተሰለፍኩት፤ ከመዘምራኑ አንዱ፣ ጸጥ ያለ ሽማግሌ ነበር። ታጠብኩ፤ ፎጣውን ይዤ ተንበረከክኩ። ቀና ስል ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። ቆማ መጠበቅ ስለማትችል ሽማግሌው ተራውን ለቆላት ነበር።

ሰው ሁሉ ያያል። ተነስቼ መሄድ እችል ነበር፤ ምክንያትም ነበረኝ።

ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ አልቻለችም። አወለቅኩላት። ያደረገችው ካልሲ እንዳያንሸራትት ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለበት ነው፤ ጠርዙ ላይ የክፍል ቁጥር በማርከር ተጽፎበታል። በሥራዬ ለስንቱ ሕመምተኛ እንዲህ ያለ ካልሲ አጥልቄያለሁ። ባለቤቴም የሞተው እንዲህ ያለውን እንዳጠለቀ ነው። ሁላችንም ልጇ ቤት የምትኖር ነበር የመሰለን።

እያየሁት እንደሆነ ገባት።

"ከገና ወዲህ ነው" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ልጄ ምን ታድርግ፣ ሥራ አለባት። እባክሽ እታለም፣ እነዚያ እንዳይሰሙ።"

እነዚያ እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኳትም። በባለቤቴ ለቅሶ ላይ ራሷ ያስተማረቻቸው ናቸው።

"እግርሽን አቅርቢ" አልኳት።

ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እኔም ይቅር አላልኳትም። ያበጠውን እግሯን አጠብኩ፣ በጣቶቿ መካከል ሳይቀር አደረቅኩ፣ ካልሲውን ማንም ቁጥሩን እንዳያይ ጠርዙን አጥፌ መልሼ አጠለቅኩላት። ቀጣዩን ማጠብ የእሷ ተራ ነበር፤ መንበርከክ ግን አትችልም። እዚያው ተንበርክኬ ቆየሁና ሽማግሌውን በእሷ ፈንታ አጠብኩት።

ከፋሲካ በኋላ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ካለው ሱቅ በርበሬ ስገዛ፣ ያኔ ለቅሶው ላይ ራሳቸውን ከነቀነቁት አንዷ አገኘችኝ። የእኔን ደህንነት ለይስሙላ ጠይቃ ስለዚያች ሴት ወደ መጠየቅ ተሻገረች።

"አንቺ ጋ ትሳለማለች አሉ። ጠፋችብን እኮ፤ ደህና አይደለችም እንዴ?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ስንት ዓመት የጠበቅኩት መልስ ነው። ያቺ ሴት ያኔ የተናገረችብኝን ቃል በቃል መመለስ እችል ነበር።

"ልጇ ዘንድ ናት" አልኩ። "በደንብ ይዛታለች።"

ልቤ ፈቅዶ አልነበረም። አደረግኩት።

አሁን እሷም አርፋለች፤ ይህን የምጽፈውም ልጇ ፈቅዳልኝ ነው። ለቅሶዋ ላይ ተገኝቼ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። ንፍሮ ዞረ። ስለ ደግነቷ ተወራ፤ በመጨረሻ የት እንደኖረች አላወቁምና ማንም ክፉ አልተናገረም። እንዲህ ያለ ለቅሶ ለባለቤቴም ይገባው ነበር።