ቅልጥፍና ቦታ ይፈልጋል

ልጅ ሳለሁ አንዲት ተዋጊ ነበረችኝ። ቀጭን ናት፤ ብረት አትለብስም፤ ቀስት ይዛ ከጠላቷ ቀድማ ትወረውራለች፣ ዱላ ሲመጣባት ዘወር ትላለች። የሰጡኝ የእናቴ ወንድም ጋሼ ይበልጣል ነበሩ። እሳቸው ደብረ ማርቆስ ውስጥ ተማሪዎች የተከራዩት ግቢ ዘበኛ ሆነው ይሠሩ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደኛ ወደ ገጠር ሲመጡ ከዚያ የሰሙትን ተረት ይዘውልን ይመጣሉ። ተማሪዎቹ ማታ ተሰብስበው አንዱ ይተርካል፣ ሌሎቹ እየተዋጉ በተረቱ ውስጥ ያልፋሉ አሉን። «ተረት ነው፤ ግን ሰሚው ራሱ ይገባበታል። ሊሞትም ይችላል።» ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም፤ የምናውቀው ጦጣዋ ሁልጊዜ የምታመልጥበትን ተረት ብቻ ነበር።

ተማሪዎቹ ወረቀትና ዕጣ የሚጥሉበት ባለብዙ ፊት ጠጠር ነበራቸው፤ እኛ አተር ነበረን። እናቴ ድንች ረመጥ ውስጥ እየቀበረች፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ጋሼ ይበልጣል ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ለስሜነህ እፍኝ እፍኝ አተርና ሁለት ሁለት ስኒ ይሰጡናል። አንደኛው ስኒ ጉልበት፣ ሌላው ቅልጥፍና ነው። አተሩን እንደወደድን እናካፍላለን፤ ሁለቱንም መሙላት ግን አይቻልም። ተረቱ ሄዶ ሄዶ ሽፍታ ወይም ዘንዶ ሲገጥመን አንዲት ፍሬ በአንዱ እጃቸው ደብቀው ሁለቱን ጭብጥ ይዘረጉልናል። ያለችበትን ከሳትን ከስኒያችን አንድ አተር ይነሣል፤ በር መስበር ከሆነ ከጉልበቱ፣ ጦር መሸሽ ከሆነ ከቅልጥፍናው። ስኒው ባዶ የሆነበት ወደቀ።

ስሜነህ አተሩን ሁሉ ጉልበት ላይ ያፈስሰዋል። የእሱ ተዋጊ ብረት ለብሶ፣ በሁለት እጅ የሚነሣ ጎራዴ ይዞ፣ እንደ እርሻ በሬ እየተነፈሰ ይሄዳል። ክርክራችን አያልቅም ነበር። እሱ፣ ብረት የለበሰ ሰው ቢመታም አይሰማው፣ ያንቺዋን ግን አንዴ ካገኟት አለቀላት ይለኛል። እኔ፣ መጀመሪያ ያግኟታ፣ ያንተው ዞሮ እስኪያይ በቀስት ጨርሼዋለሁ እለዋለሁ።

«አንቺ ስትሸሺ ነው የምትውይ።»

«አንተም ወንዝ ስትሻገር ከነብረትህ ትሰምጣለህ።»

እናቴ ሳትቀር ትስቅብን ነበር።

አንድ ማታ ተረቱ ዋሻ ውስጥ ገባ። ከኋላችን ድንጋይ ተደረመሰ፤ ዋሻው እየጠበበ ሄዶ ሰው በጎኑ እንኳ የሚያልፍበት አጣ፤ ከፊታችን አንድ ግዙፍ ሰው መጣ። እኔ እንደለመድሁት፣ «ዘወር አልሁ» አልሁ። ጋሼ ይበልጣል በኩራዙ ብርሃን ትኩር ብለው አዩኝ።

«ወዴት?» አሉኝ።

ከኋላዬ የነበረው የስሜነህ ተዋጊ እኔን አልፎ መድረስ አልቻለምና ያን ሁሉ ጉልበት ይዞ ቆሞ አየ።

«ቅልጥፍና ቦታ ይፈልጋል፣ የኔ ልጅ። ጉልበት የቆመበት ይበቃዋል» አሉ። ተዋጊዬ ሞተች፤ አለቀስሁ፤ ድንች ተሰጠኝና ዝም አልሁ።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አባታችን ሞቶ ነበር፤ የቤታችንን ነገር በሰው ፊት የሚናገሩት ጋሼ ይበልጣል ሆኑ። አምበር ከተማ ያለችው አክስቴ ፈተናውን ካለፍሁ እሷ ዘንድ ሆኜ ዘጠነኛ እንድቀጥል ተስማምታለች። እኔም ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። በዚያው ሰሞን ግን ሽማግሌ ሊላክብኝ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ልብሴን በነጠላ ቋጠርሁ፤ ከሰጡኝ፣ ገበያተኛው ሳይነቃ ወጥቼ አምበር እገባለሁ ብዬ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው በየዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። የእነማን ልጅ ለእነማን ልጅ እንደሆነ ተናገሩ፤ ጋሼ ይበልጣልም፣ «ሰምተናል። ዘመድ እንጠይቅበት፤ በሳምንቱ ተመለሱ» አሏቸው።

ደስታዬን እንዳይሰሙ አፌን በእጄ ያዝሁ። አላስቀመጧቸውም እኮ፤ ዘወር አደረጓቸው። ቋጠሮዬን ፈታሁ። ስሜነህ ደጅ እንጨት ይፈልጥ ነበርና ሮጬ ሄድሁ።

«አየህ ጋሼ እንዴት እንዳስመለጡኝ» አልሁት።

መጥረቢያውን አውርዶ አየኝ። ከዚያ መልሶ አነሣው።

በእኛ አገር እምቢታ ቀጠሮ የለውም። ልጃችን ገና ናት፣ አልደረሰችም ይባልና እዚያው ያልቃል። ዘመድ እንጠይቅ ማለት እሺ ማለት ነው፤ ወዲያው እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ስለሆነ ብቻ ያቆዩታል። ይህን ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለልጅ የሚነግር ግን የለም። እኔ የገባኝ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ለብቅል የሚሆን ገብስ ነክራ ሳይ ነው። ለምንድን ነው ብላት፣ ቀና ሳትል፣ ለእንግዳ አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ የአባቴ እኅቶች እኛ ቤት ማደር ጀመሩ፤ ውኃ እንኳ ብቻዬን አልቀዳሁም። ፈተናው የተሰጠ ቀን እኔ ተከናንቤ የሰው ቤት ሙሽራ ነበርሁ።

ልጄ ክርስትና ስትነሣ ጋሼ ይበልጣል መጡ። ሰው ሲበተን አጠገባቸው ተቀመጥሁና፣ «ጋሼ፣ እምቢ ማለት አይችሉም ነበር?» አልኋቸው።

«አባትሽ ቢኖር ይችል ነበር። እኔ እምቢ ብዬ፣ ነገ የትም ብትቀሪ ለእናትሽ ምን እመልሳለሁ? ደግሞ ልጁ ደግ ነው አሉኝ።»

እውነት ነው፤ ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን የምጠላው አገኝ ነበር። ጋሼንም ልጠላቸው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ያን ቀን ሲሄዱ እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ታመመ ሰው ነበር የተራመዱት።

ጉልበት ይሻላል ወይስ ቅልጥፍና የሚለውን ዛሬ ብጠየቅ መልስ የለኝም። ለልጄም ተረት አልነግራትም፤ ስጀምር የሚያልቅበት ይታየኛል። አሁን መሮጥ ጀምራለች። ዶሮ ስታባርር ያዩ ጎረቤቶች፣ «እንዴት ያለች ቀልጣፋ ናት፣ አንቺን ነው የመሰለች» ይሉኛል፤ ደስ እንዲለኝ ነው። እኔ አሜን እላለሁ፤ ዓይኔ ግን እሷን ትቶ አጥሩ ከየት እስከ የት እንደሆነ ያያል።