በኖራ የሳልኳቸው እግሮች

ኮምቦልቻ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሃያ ዓመት በላይ የጥጥ ሸክም ተሸክሜያለሁ። ቦክስን ያስተማረኝ ሰው የለም። በጎረምሳነቴ ደሴ ላይ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ሽፋኑ የተገነጠለ የቦክስ መጽሐፍ ገዛሁ። የተጻፈበትን ቋንቋ አላውቀውም፤ ሥዕሎቹን ግን አንድ በአንድ አጠናኋቸው።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ትልቋ ልጄ ቦክስ ልማር ስትለኝ፣ ጆንያ በውዳቂ ክር ሞልቼ ከጓሯችን ዛፍ ላይ ሰቀልኩላት። ከሥሩ ሲሚንቶው ላይ ሁለት የእግር ቅርጾች በኖራ ሳልኩ፤ ልክ እንደ መጽሐፉ ግራው ፊት፣ ቀኙ ኋላ።

«ከዚህ ኖራ የወጣ እግር የሰነፍ እግር ነው» አልኳት።

ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ትጮሃለች፦ «ኧረ ተው አንተ ሰው! ይችን የሚያገባ ጥርሱን ቆጥሮ ይምጣ!»

ልጄ ፊቷን ከጆንያው ሳትመልስ «ይቁጠረው! ሲመለስ ደግሞ እኛ እንቆጥርለታለን» ትላታለች።

እኔ አልስቅም። ከፈረቃ ወጥቼ፣ ትከሻዬ እየነደደ፣ «ድገሚ» እላለሁ።

ደሴ ላይ የሚደረገው የዞን መምረጫ ውድድር አንድ ወር ሲቀረው «አባባ፣ በቀኝ ስመታ ጉልበቴን ከውስጥ ይወጋኛል» አለችኝ።

«ሕመም የሚያወራው ከሰነፍ ጋር ነው» አልኳት።

በሳምንቱም ነገረችኝ፤ ያንኑ መለስኩላት። ከዚያ በኋላ መናገሯን ተወች። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ እግሯ ከዳት።

ጤና ጣቢያ «ጅማቷ ተጎድቷል፣ ትረፍ» አሉን። እናቷ ግን ደሴ አጠገብ ገራዶ ያሉት ወጌሻ ሳያዩዋት አይሆንም አለች። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ልጄ በየጠመዝማዛው ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ከንፈሯን ትነክስ ነበር።

ሽማግሌው ወጌሻ ጉልበቷን ዳብሰው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዴት እንደምትመታ እስቲ አሳየኝ።»

ተነሥቼ አሳየኋቸው።

«ወገብህ ዞረ፤ ትከሻህ ዞረ። እግርህስ?»

«እግር አይነቃነቅም።»

«ማን አለ?»

«መጽሐፍ ነው።»

«ላ ሐውለ! ጉልበት እኮ እንደ በር ማጠፊያ ነው። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፤ አይጠመዘዝም። ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጫኝና አውራጅ ነኝ።»

«ታዲያ ሸክም ይዘህ ስትዞር ምንህን ታስቀድማለህ?»

አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን የምነግረው «እግርህን አስቀድመህ አዙር፣ ሸክሙ ይከተልሃል» እያልኩ ነው። እግሩን ተክሎ ወገቡን ብቻ በማዞሩ ሰው ተደግፎ ሲወጣ ያየሁት ብዙ ነው። ለባዳ ያልነፈግኩትን ምክር ለልጄ ነፈግኳት። መጽሐፉ ላይ ያለው ቦክሰኛ ገና ሊመታ ሲል የተሳለ ነው፤ ሥዕል አይንቀሳቀስም። በገዛ ራሱ የተማረ ሰው አደጋው ይህ ነው፤ ሲሳሳት የሚያርመው የለም፣ ሊያርመው የሚሞክር ሲመጣም ሰነፍ ይለዋል።

«ጨርሶ አልተበጠሰም» አሉ ሽማግሌው። «ሦስት ወር ግን ምንም እንዳትመታ። አላህ ያሽራት።»

«ውድድሩስ?» አለች ልጄ።

ደግፌ አስነሣኋት።

የውድድሩ ዕለት ጓሮ ወጥቼ ኖራውን በሽቦ ፈገፈግኩት። ሲሚንቶው ውስጥ ሰርጎ ስለነበር ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ሦስት ወሩ አልፎ ወደ ጆንያው ስትመለስ በደበዘዘው የእግር ቅርጽ ላይ ቆሜ በቀስታ አሳየኋት። የኋላ እግር ጣቶች መሬቱን ይገፋሉ፣ ተረከዝ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ዳሌ ይከተላል፣ ቡጢ በመጨረሻ ይመጣል።

«ካመመሽ አቁሚ» አልኳት።

«ሕመም የሚያወራው ከሰነፍ ጋር ነው ብለውኝ አልነበር?» አለች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ተሳስቼ ነው።»

አባት እንዲህ ካለ ያንሳል ብዬ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። ያን ቀን የተሰማኝ ድካም ብቻ ነበር።

ተረከዟን እያዞረች አምስት ጊዜ መታች። ከዚያ ቆመችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ወጋኝ» አለች።

ጆንያውን ከዛፉ አወረድኩት።