መሪውን ማን ይዞታል

ሾፌር ቡንሉት የሥራ ዕድሜውን ያሳለፈው ወደ ናን ተራሮች በሚወጣው አውቶቡስ ላይ ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ካለችው የአድባር ጎጆ ሲደርስ ክላክስ ያደርግና መሪውን ለቆ፣ ሁለት መዳፉን አጋጥሞ እጅ ይነሣል። ተሳፋሪ ሲንጫጫበት፣ «ምን ያስጮኻችኋል? አድባሩ ይዞልናል» ይላል፤ በሰዉ እምነት ማጣትም ከልቡ ያዝናል።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ እህቱን ሊጠይቅ በዚያው አውቶቡስ ተሳፈረ። ከተሳፋሪ ወንበር ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ጎጆዋ ጋ ሲደርሱ እሱ ራሱ ያሠለጠነው ሾፌር ክላክስ አደረገና ሁለት እጁን አጋጠመ።

«ኧረ መሪውን ያዝ፣ አንተ የማትረባ» ብሎ ጮኸ ቡንሉት።

«አይዞዎት ጋሼ፣ አድባሩ ይዞልናል።»

ቡንሉት የዚያን ቀን ለአድባሩ እጅ ሳይነሣ አለፈ። ሁለቱም እጆቹ የፊቱን ወንበር ጨምድደው ይዘው ነበር።