ባኞ ያላየ ልጣፍ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሰብለ አንድ የታጠፈ ላስቲክ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ቢጫና ሰማያዊ ነው፤ ሲነፋ ቀለበት ይሆናል። በማግስቱ ልጆቿን ይዛ ላንጋኖ ልትሄድ ነው፤ ልጆቹ ዋና ስለማይችሉ በወገባቸው የሚያጠልቁት ነው።

«አባዬ፣ እስቲ ይንፉልኝ፤ ትንፋሽ አጠረኝ» አለችኝ።

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ትንፋሽ ከተባለ ግን ከዛሬ ወጣት ጋር አልወዳደርም፤ ያሳዝኑኛል። በአራት ትንፋሽ ወጥሬ አቆምኩት። ስድስት ቢሆን ነው። ለእሷ ግን አልሰጠኋትም። የልብስ ማጠቢያውን ባኞ ውሃ ሞላሁና ቀለበቱን ደፈቅሁት፤ ቀስ እያልኩ እያዞርኩ ተመለከትኩት።

«ምን እያደረጉ ነው? አዲስ እኮ ነው!»

«አረፋ እየፈለግኩ ነው።»

«አይ አባዬ! ጎሚስታነትና ቁርባን አይፈርስም» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ሁለት እጄ ባኞ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘኝ። ሃምሳ ሦስት ዓመት አልፎት እንኳ ያ የቆቃ ውሃ እስከ ደረቴ ሲመጣ ተሰማኝ።

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ የሚፈታ፣ የሚለጥፍ፣ የሚነፋ። ማንም አላስተማረኝም። በዐሥራ አምስት ዓመቴ ኮልፌ አንድ ጎማ ቤት ደጃፍ ቆሜ እያየሁ ነው የለመድኩት። ማንበብም የተማርኩት ከመጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ይህንን ጽሑፍ እንኳ ማንም አላረመልኝም። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ የእኔን ልጣፍ የሚፈልጉ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ጀምረው ይሰለፉ ነበር። ይህ ጉራ አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ያውቃል።

ከእኔ ጋር ኦይቻ የሚባል ጓደኛዬ ይሠራ ነበር። ወላጆቹ ከጫሞ ሐይቅ አጠገብ መጥተው ኮልፌ የሰፈሩ ናቸው። ኦይቻ ክረምት ክረምት እዚያ አያቱ ዘንድ እየሄደ ያደገ ስለሆነ ዋና ይችላል፤ ስለ ዓሣም ያውቃል። የሥራ ሰው ነው፤ ወሬ አያበዛም። አንድ ነገር ብቻ ይወድ ነበር፤ ስለ ውሃ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። የአያቱ ሰዎች በከባድ መኪና ከመነዳሪ ላይ ተቀምጠው አምባዛ እንደሚያጠምዱ የነገረኝ እሱ ነው። ከመነዳሪ ማለት ያው ከጎማው ውስጥ ገብቶ ንፋስ የሚይዘው ክብ ላስቲክ ነው። መሀሉ ላይ ጆንያ ይወጠርና መቀመጫ ይሆናል፤ ሰውየው እግሩን ውሃ ውስጥ ሰድዶ መንጠቆውን ይጥላል።

«እኔ ከአያትህ የበለጠ እይዛለሁ» አልኩት።

«አንተ? ውሃ የምታውቀው በባኞ ነው» አለኝ።

ይህቺ ቃል ናት ያናደደችኝ።

ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በዚያ ዓመት በልጉ ቀርቶ ኮልፌ እንኳ አቧራው እንደ ዱቄት ይነሳ ነበር። አንድ ደንበኛችን የሆነ ሾፌር እሑድ ቆቃ ዳር ሽንኩርት ሊጭን እንደሚሄድ ነገረን፤ እንሂድ ተባባልን። ለእናቴ ግን «የተበላሸ መኪና አለ» አልኳት። እናቴ የጎጃም ሰው ናት፤ በጾሙ ዓሣ የሚባል ነገር በቤቷ አይገባም። አምባዛማ ጭራሽ! ቅርፊት የለውም፣ ጢም አለው፤ ለእሷ ከእባብ አይለይም።

ቅዳሜ ማታ ጎማ ቤቱ ሊዘጋ ሲል አንድ አሮጌ ከመነዳሪ አነሳሁ። ቀዳዳ ነበረው። ልጣፍ ማለት ትዕግሥት ነው። ላስቲኩን በሞረድ ትፍቀዋለህ፣ ማስቲሽ ትቀባለህ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ትለጥፍና ትቀጠቅጣለህ። በመጨረሻ ነፍተኸው ባኞ ውስጥ ትደፍቀዋለህ፤ አረፋ ከወጣ አልያዘም ማለት ነው። ይህንን ለሌላው ሰው ሁሉ አድርጌአለሁ። ለራሴ ግን ማስቲሹ ሳይደርቅ ለጠፍኩት። ቸኩዬ ነበር፤ ኦይቻም ቆሞ እያየኝ ነበር።

«ባኞ ውስጥ ይግባ እንጂ» አለኝ።

«የእኔ ልጣፍ ባኞ አያይም» አልኩት።

ትከሻውን ነቅንቆ በሩን ሊዘጋ ሄደ።

ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሳን። ኮልፌ በዚያ ሰዓት ይበርዳል፤ ጋቢ ደርቤ ነው የወጣሁት። አቃቂን አልፈን ደብረ ዘይት ስንደርስ ጋቢውን አወለቅሁ፤ ሞጆ ላይ ሹራቡን፤ ቆቃ ስንወርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ከመነዳሪው ጭነቱ ቦታ ላይ ፀሐይ እየመታው ነበር የሄደው። ሾፌሩ ማሳው አጠገብ አወረደንና ከሰዓት በኋላ እንደሚመለስ ነግሮን ሄደ። ከማሳ ጠባቂው ቲማቲም ለምነን፣ በጨውና በቃሪያ ዳቦ በላን። እንደዚያ ያለ ቲማቲም ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም፤ በፀሐይ ከመሞቁ የተነሳ የተቀቀለ ይመስል ነበር።

ሐይቁ ቡናማ ነው። እኔ ሐይቅ ሰማያዊ ይመስለኝ ነበር። ማዶው በሙቀት ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ አንድ ነገር እንደ በሬ አናፋ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ጉማሬ። ሩቅ ነው» አለ ኦይቻ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ።

በዚያን ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። ሆዴ ነግሮኛል። ግን ያ የባኞ ነገር አለ።

ኦይቻ ከመነዳሪው ላይ ረጅም ገመድ አሰረበትና ጫፉን ይዞ ዳር ቆመ። እኔ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ፤ ትሉን መንጠቆው ላይ ሰካሁ፤ የናይሎኑን ክር ግራ እጄ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠምኩ። «አትጠምጥም፤ በጣትህ ብቻ ያዘው፤ ዓሣው ሲደክም ወደ ጎማው ታስጠጋዋለህ» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። ጥቂት ገባ እንዳልኩ ገመዱ ተወጠረ።

«እዚያው በቃህ!» አለኝ።

«ሕፃን ነኝ እንዴ በገመድ የምታሰረው?» አልኩና ቋጠሮውን ፈትቼ ለቀቅሁት።

መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። እግሬን እንደ ዳክዬ እያራገብኩ ገባሁ። ላይኛው ውሃ ሞቃት፣ ከጉልበቴ በታች ግን ቀዝቃዛ። ፀሐዩ አናቴን ይቀቅለዋል። ምናልባት ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ክሩ ተነካ። አንዴ፤ ሁለቴ። ከዚያ እጄ ወደ ታች ተመዘዘ።

አምባዛ እንዲህ ያለ ጉልበት እንዳለው ማን ነገረኝ? ከመነዳሪው ዞረ፤ ፊቴን ወደ ዳር አድርጌ የነበርኩት ሰውዬ ጀርባዬን ሰጠሁ። ክሩ ሥጋዬን ቆርጦ ገባ። ከዳር በኩል ነፋስ ተነሳ፤ ዓሣው ይስባል፣ ነፋሱ ይገፋል። ዞሬ ሳይ ኦይቻ የአውራ ጣት ያህል ሆኗል። ቢሆንም ያኔ ገና አልፈራሁም፤ «ምን ያህል ትልቅ ቢሆን ነው!» እያልኩ ነበር።

ከዚያ በቀኝ ጭኔ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አረፋ ነው። ትናንሽ፣ ክብ ክብ፣ ተከታትለው የሚወጡ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ያየሁት አረፋ! ባኞ ውስጥ ሳየው «አገኘሁህ!» ብዬ ደስ የሚለኝ አረፋ። አሁን ግን ባኞው ዳር የለውም፤ እኔም ያለሁት ውስጡ ነው።

ቀኝ እጄን ሰድጄ ዳሰስኩ። የራሴ ልጣፍ ነው። ጠርዙ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተነስቷል፤ ማስቲሹ በሙቀቱ ለስልሶ ንፍጥ ሆኗል። በአውራ ጣቴ ጫንኩት። አረፋው ቀነሰ። ጣቴን ላንሳ ስል መልሶ ፈላ። እንግዲህ ቀኝ እጄ ታሰረ ማለት ነው፤ ግራውን ደግሞ ዓሣው ይዞታል። ዋና አልችልም። ከስሬ ምን ያህል ጥልቀት እንዳለ አላውቅም፤ ውሃው ቡናማ ስለሆነ የራሴ ጉልበት እንኳ አይታየኝም። ያ ጉማሬ እንደገና አናፋ፤ በዚህ ጊዜ ከየት በኩል እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ፍርሃት ብዙ ዓይነት እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው። አንዱ ያስጮሃል። ይሄኛው ግን አንደበቴን አደረቀው። «ኦይቻ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ነፋስ ብቻ ወጣ። ከዚያ ዓሣው ራሱ ብቅ አለ፤ አየር ሊውጥ ነው። ከክንዴ ቢረዝም ነው። ራሱ እንደ አካፋ ሰፊ፣ ጢሙ እንደ ሽማግሌ የተንጠለጠለ፣ ዓይኑ ትንሽ። አየኝ። ተመልሶ ሲጠልቅ አካሉ ባዶ እግሬን ታከከው፤ ሙልጭልጭ ያለ፣ ቀዝቃዛ። በዚህ ጊዜ ድምፄ ወጣ። የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር።

ጆንያው እየሰመጠ ውሃው እስከ ወገቤ፣ ከወገቤ እስከ ደረቴ መጣ። አንድ ነገር በአእምሮዬ ይመላለስ ነበር፤ እናቴ ለለቀስተኛ ምን ልትል ነው? «ልጄ በጾም ቀን ቅርፊት የሌለው ዓሣ ሲያባርር ሞተ» ልትል? ከሞቱ ይልቅ ይሄ አስለቀሰኝ። ተሳልኩ። «መድኃኔዓለም ሆይ፣ ካወጣኸኝ ጃንጥላ አገባለሁ» አልኩ። ጃንጥላው ያነሰ መሰለኝ። «ጥፋቱ የራሴ መሆኑንም ለሰው በአፌ እናገራለሁ» ብዬ ጨመርኩ።

ክሩን በጥርሴ መገዝገዝ ጀመርኩ። ድዴ ደማ። ሲበጠስ እጄ ቀለለኝ፤ ከመነዳሪው ግን መታጠፍ ጀምሮ ነበር። ያኔ ከኋላዬ የውሃ መንቦጫረቅ ሰማሁ። ጉማሬው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እንዳትይዘኝ!» አለ ኦይቻ። «ከያዝከኝ ሁለታችንም አለቅን። ጎማውን ያዝ። ያንን አውራ ጣትህን እንዳታነሳ!»

ከኋላ ሆኖ በራሱና በትከሻው እየገፋ ወሰደኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም። ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር እንደ ወናፍ ይሰማ ነበር። አንዴ አቆመ፤ ደከመው ብዬ ነፍሴ ወጣች። ከዚያ ቀጠለ። እግሬ ጭቃ ሲነካ በእጄም በእግሬም ዳኸሁ።

በዚያ ሙቀት ግራር ሥር ተቀምጬ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ኦይቻ ጠፍጣፋ የሆነውን ከመነዳሪ ጎትቶ አወጣ፤ አገላብጦ አየው፤ አጠፈው።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ስለቱን ከተሳልኩ ግማሽ ሰዓት አልሞላም።

«ዓሣው በእሾሁ ወጋው» አልኩ። «ወደ ጎማው አስጠጋው ያልከኝ አንተ ነህ።»

«እሺ» አለ።

ጃንጥላውን በጥምቀት አገባሁ። ሁለተኛውን ስለት ግን አላገባሁም። ይልቁንስ ታሪኩን ኮልፌ ያልነገርኩበት ቤት የለም፤ ዓሣውም ከዓመት ዓመት እያደገ ሄዶ በመጨረሻ የእኔን ቁመት አከለ፤ እሾሁም ጦር ሆነ። ኦይቻ እየሰማ ዝም ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስለ ውሃ ማውራት ተወ፤ አያቱ ዘንድም ሲሄድ ሐይቅ እንዳልገባ ሰማሁ። ሊገድለኝ እንደነበረ እያሰበ ነው አልኩ በልቤ። እንዲያስብ ተውኩት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራችን ተለያየ፤ ዛሬ ዓለም ባንክ ሰፈር የጎማ ቤት አለው፤ ልጆቹ ናቸው የሚሠሩት።

ቅዳሜ ዕለት እጄን ከባኞው አውጥቼ ጠረግሁና ታክሲ ተሳፈርኩ። ኦይቻን ጎማ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከሰላምታው በኋላ ሳልቀመጥ ነገርኩት። ማስቲሹን፣ ባኞውን፣ ስለቱን።

ጨርሼ ቀና ስል እየሳቀ ነው።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ፣ «አውራ ጣትህ የት እንደነበረ ረሳኸው? ዓሣ ልጣፍ መርጦ ይወጋል እንዴ?»

«ታውቅ ነበር?»

«ከመነዳሪውን ያጠፍኩት እኔ አይደለሁ? ልጣፍህ እጄ ላይ ነው የቀረው።»

«ታዲያ ሃምሳ ዓመት ለምን ዝም አልክ?»

«እንደዚያ ስትንቀጠቀጥ ምን ልበልህ? በኋላ ደግሞ ዓሣው ሲያድግ ማየት ለምዶብኝ።»

«ውሃውንስ ለምን ተውከው?»

ሳቁ ቆመ። መዳፉን አገላብጦ ተመለከተ።

«ገመዱን ግራሩ ላይ አስሬ፣ ሌላውን ጫፍ ወገቤ ላይ አድርጌ ነበር የገባሁት» አለ። «አልደረሰልኝም። ገና ግማሽ መንገድ ላይ ተወጠረ። ከወገቤ ስፈታው ጣቴ እምቢ አለኝ፤ እየጮህክ እኔ እዚያው ቆሜ ቋጠሮ እፈታለሁ። ልመለስም አስቤ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሳይ ያ ቋጠሮ ነው የሚታየኝ።»

እኔ ቋጠሮዬን እንዴት እንደፈታሁት ትዝ አለኝ። እየሳቅሁ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ልጆቹ የሚለጥፉትን እያየን ዋልን። አንዱ ማስቲሹ ሳይደርቅ ሊለጥፍ ሲል ሁለታችንም በአንድ አፍ ጮኽንበት።

ማታ ቤት ስገባ ሰብለ ሻንጣ ታዘጋጃለች። ቀለበቱን ሰጠኋት።

«አለፈ?» አለችኝ እየቀለደች።

«አንድም አረፋ የለውም» አልኳት። በልጣፍና በአረፋ ጉዳይ ዛሬም ከኮልፌ የሚበልጠኝ የለም። «ግን ገመድ ጨምሬበታለሁ። ረጅም ነው፤ ጫፉን አንቺ ትይዣለሽ።»

«ገመድ? ልጆቹ ይስቁብኛል እኮ፣ አባዬ።»

«ይሳቁ» አልኳት። «ብቻ እንዳይፈቱት።»