ሞተር በደቦ አይገጠምም

ዛሬ ጋሽ ደምሴ «ጨርሰህ ግጠመው!» ብለው ሲጮሁብኝ «አልገጥምም!» አልኳቸው። ማርቆስ ከተማ ላይ እሳቸውን እምቢ የሚል መካኒክ ከኔ ሌላ የለም።

የአይሱዙ መኪናቸው ክራንክ ሻፍት፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዋና ዘንግ፣ ተሰብሮ፣ ኦሪጅናል ያልሆነ አዲስ ገዝተው፣ አዲስ አበባ ሚዛኑን አስተካክለው አመጡ። ያለቻቸው መኪና እሷው ናት፤ ይሄም ከተሰበረ አለቀ።

ስገጥም ሹፌር ጓደኞቻቸው ከሉማሜ «እናግዝህ» ብለው መጡ። ልክ እንደ አጨዳ ደቦ! ክራንኩን የሚይዙትን ክዳኖች በናፍጣ አጥበው ያቀብሉኛል፣ እኔ አስራለሁ።

አስሬ ስጨርስ ክራንኩ በእጅ አልዞር አለ።

«አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሠራ ይላላል» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ጋሼ፣ ሲደረግ የሚሰፋ ጫማ መሰለዎት እንዴ?»

ፈታሁት። እያንዳንዱ ክዳን የራሱ ቁጥርና ቦታ አለው፤ ለካ ሲያቀብሉኝ ሁለቱን አቀያይረዋቸዋል። (እኔም ወሬ ይዤ ቁጥሩን አላየሁም፣ እሱን ተዉት።)

በቦታቸው ሳስራቸው በሁለት ጣት ዞረ። ጋሽ ደምሴም ራሳቸው አዙረው አዩትና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ፦

«ለአጨዳ ስጠራችሁ ትጠፋላችሁ፣ ሞተር ላይ ማን ጠራችሁ?»

እናንተስ፣ «ላግዝህ» ብሎ ጉድ የሠራችሁ አለ? ኮሜንት ላይ አውሩኝ፣ ግን ስም አትጥሩ።