ስንጥቅ የማይወደው ባለቤቴ

ባለቤቴን በስሙ የሚጠራው የለም። «አትተንፍስ» ነው የሚሉት። ዕድሜውን ሙሉ ፎቶ ቤቱ ውስጥ «ቀና በል፤ አገጭህን ዝቅ፤ አትተንፍስ!» እያለ የመታወቂያ ፎቶ ሲያነሳ ስለኖረ፣ ሰዉ ስሙን ትቶ ትእዛዙን አወጣለት። እኔም የአትተንፍስ ሚስት ሆኜ ቀረሁ። መጀመሪያ ገበያ መሃል እንደዚያ ሲሉኝ ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ፤ አቤት እላለሁ።

እጁ ላይ ግን ጉድ አለ። እሱ ፎቶ ቤት ብጉር ይዞ ገብቶ ብጉር ይዞ የወጣ ሰው የለም። ጠባሳውን፣ የፊት መጨማደዱን፣ የዓይን ሥር እብጠቱን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ድሮ በቀጭን እርሳስ ነበር፤ ልጃችን ኮምፒውተር ካስተማረችው ወዲህ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሲጠርግ ይውላል። አንዷን ሴትዮ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ዘበኛው «የልጅሽን መታወቂያ ይዘሽ ነው የመጣሽው» ብሎ መለሳት። ተናዳ መጣችብን ብለን ስንደነግጥ፣ አገላብጣ ስማው ሄደች።

እኔንም አልማረኝም። ሳሎናችን ውስጥ ፊት ለፊት የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ አለኝ። ልጅ ሆኜ ከደረጃ ወድቄ የተሰነጠቀው ቅንድቤ እዚያ ላይ የለም። ማዲያቴም የለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እህትሽ ናት?» ይለኛል፤ እኔም እሰይ ብዬ «አዎ» እላለሁ። ውስጤን ግን ቅር ይለዋል። በፍቅር የተሰጠ ስጦታ ነው፣ ምን ይባላል?

ጡረታ ሲወጣ «ከእንግዲህ ሰው በቃኝ» አለ። ካሜራውን አንግቶ ገጠር ለገጠር እየዞረ የድሮ ትምህርት ቤቶችንና ጎተራዎችን ማንሳት ያዘ። ቤት አይቁነጠነጥም፣ «አላማርኩም፣ ድገመኝ» ብሎ አያደርቅም ነው የሚለው። እኔ ምን በወጣኝ፣ አብሬ እንከራተታለሁ! ብርሃን ማንጸባረቂያው የኔ ነጭ አንሶላ ነዋ። ለእንግዳ ብዬ ያስቀመጥኩትን አንሶላ ግራና ቀኝ ዘርግቼ ድርቆሽ መሃል ቆሜ እውላለሁ። እሱ ግን ማንሳት ብቻ መቼ ይበቃዋል፤ አስቀድሞ የጎተራውን በር በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፣ የሸረሪት ድሩን ያወርዳል። ከዚያ ካሜራው ኋላ ይጎነበስና፣ «ቀና… ቀና… አትተንፍስ!» ይላል።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ጎተራ ነው እኮ!» እለዋለሁ።

«ተይኝ፣ አፌ ለምዶ ነው» ይለኛል፤ ሳያፍር።

በዚህ መሃል መምህርቷ አስጠሩት። ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው ቢገፋም ድምፃቸው ዛሬም የክፍል ድምፅ ነው፤ ያንን ሽበታም ሰውዬ «አንተ ልጅ» ሲሉት እጁን ከኪሱ ያወጣል። የሚኖሩት ያስተማሩበት ሁለት ክፍል ያለው አሮጌ ትምህርት ቤት አጠገብ ነው። አንደኛው ክፍል በረት ሆኗል፤ ጎረቤታቸው ላሙንና ድርቆሹን አስገብቶበታል። ሌላኛው ውስጥ ግን መምህርቷ ዛሬም የሰፈሩን ልጆች ከሰዓት በኋላ ሰብስበው ያስነብባሉ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ተሰንጥቋል። በሩ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል።

«አንተ ልጅ፣» አሉት፣ «የጥገና ኮሚቴው ዘንድሮ የሚያድሰው አንድ አሮጌ ቤት ብቻ ነው። እኛ ወይም የወንዝ ማዶው ወፍጮ ቤት። ዝናቡ ሳይገባ ካልታደሰልኝ ይሄ ግድግዳ አይከርምም። ልጆቹ ላይ ይወድቅብኛል ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ፎቶ አምጪ ብለውኛል፤ ያለበትን ሁኔታ አንሳልኝ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እትዬ! እንዲህ አድርጌ ነው የማነሳልዎት!»

አነሳም። እኔ አንሶላዬን ዘርግቼ፣ ላሟ በመስኮት አንገቷን አስግጋ፣ እሱ «አትተንፍሱ!» ሲለን ዋልን። እውነቱን ለመናገር ላሟ ከኔ ይልቅ ትታዘዘው ነበር። ቤት ስንገባ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ተተከለ፤ እኔ አንሶላዬን ልዘፈዝፍ ሄድኩ። ምን ሲያደርግ እንደዋለ ዞር ብዬ አላየሁም።

ኮሚቴው ፊት ስንቀርብ ሊቀመንበሩ ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩና «አቤት ማማሩ!» አሉ። የመምህርቷ ፊት በራ። «ግን ይሄ ቤት ምኑ ነው የሚታደሰው? ከኛ ቢሮ ይሻላል እኮ!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወይ ጉዴ! ስንጥቁ የለም። የዘመመው ግድግዳ ቀጥ ብሏል፣ በሩ ቦታው ገብቷል። የላሟ ግንባር ላይ የነበረው ጭቃ እንኳ ጠርቷል።

መምህርቷ ቀስ ብለው ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ስንጥቁን የት አደረስከው?»

«አጠፋሁት፣ እትዬ።»

«ለምን?»

«አያምርማ!»

የመጀመሪያውን አምጣ ቢባል ከየት ያምጣ? ያልጸዳ ፎቶ አያስቀምጥም። ሊቀመንበሩ እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጡንና ተመልሰን ሄድን። ያን ቀን አልጠረገም፣ አልወለወለም። ጥፍሩን እንደሚነቅሉት ሰው ፊቱን አጨማዶ ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች አነሳው። «ይቅርታ» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ግድግዳውን ነው የምላችሁ።

ዓርብ ሊቀመንበሩ የመጀመሪያውንና የአሁኑን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው አዩ፣ አዩና መነጽራቸውን አወለቁ። «ባለፈው ደህና ነበር። ይሄን ስንጥቅ አሁን ኮምፒውተር ላይ ነው የሠሩት፣ አይደል?»

ባለቤቴ ኩም አለ። በሕይወቱ ስንጥቅ ሠርቶ የማያውቅ ሰው!

«ሄዳችሁ እዩዋ!» አልኩ እኔ።

«መኪናችን ተበላሽቷል፣ ቦታው ሩቅ ነው። ውሳኔው ደግሞ ዛሬ ነው» አሉና ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «በይ፣ ወፍጮ ቤቱን…»

መምህርቷ ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ በሩ ዞሩ። «አንድ ጊዜ ታገሡኝ!» ብዬ ወጣሁ። ቤታችን ከቢሮው ማዶ ነው፤ መንገዱን እንዴት እንዳቋረጥኩት አላውቅም። ወንበር ላይ ወጥቼ ያንን ትልቅ ፎቶዬን ከነሚስማሩ ነቀልኩትና በብብቴ ይዤ ተመለስኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ገተርኩት። ሻሼን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ አጠገቡ ቆምኩ።

«ይቺ ማን ናት?»

«ልጅዎ?» አሉ ሊቀመንበሩ በትሕትና።

«እኔ ነኝ! ያውም የሦስት ልጆች እናት ሆኜ የተነሳሁት! ይሄ ቅንድቤ ላይ የሚያዩት የልጅነት ጠባሳ ነው፤ እዚያ ላይ ይፈልጉትና ያግኙት! ይሄ ሰውዬ ስንጥቅ ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ ያጠፋል እንጂ መሥራት አያውቅበትም። ካላመኑኝ የራስዎን መታወቂያ ያውጡና ፎቶውን ይዩት!»

ሊቀመንበሩ መላጣቸውን ዳበስ አደረጉ። ባለቤቴ ባነሳላቸው የመታወቂያ ፎቶ ላይ መላጣው ጠፍቶ ጥቁር፣ የተበጠረ ጠጉር እንዳለ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር የወደቀ ነገር መፈለግ ጀመረች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል።

«አያስፈልግም፣» አሉ ሊቀመንበሩ። «ነገ መኪና ተውሰን እናያለን።»

መጡም። እስክሪብቷቸውን ስንጥቁ ውስጥ ሲሰዱት እዚያው ወድቆ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ክርክር አልነበረም። ዝናቡ ሳይገባ ግድግዳው ተጠገነ፣ ጣሪያው ተቀየረ፤ ላሟ ብቻ እያጉረመረመች ሌላ ቤት ገባች።

ያን ዓርብ ማታ፣ ከኮሚቴው እንደተመለስን፣ ባለቤቴ ያንን ትልቅ ፎቶዬን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ነገር ዓለሙን ትቶ ያየዋል።

«ጠባሳሽን በማጥፋቴ ከፍቶሽ ነበር እንዴ?»

«አዎ። እኔን አውጥተህ ሌላ ሴት የሰቀልክብኝ ነው የመሰለኝ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ምነው አልነገርሽኝ?»

«አትተንፍሺ ስትለኝ ኖረህ!»

ልንስቅ ነበር፤ ግን እሱ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ እኔም አልቻልኩም። ፎቶውን መልሶ አልሰቀለውም።

ትምህርት ቤቱ ታድሶ ባለቀ ሳምንት ወስዶ ግድግዳው ሥር አቆመኝ። አንሶላውን መምህርቷ ያዙልን፤ «አንተ ልጅ፣ ቶሎ በል፣ እጄ ዛለ!» እያሉ። እሱ ካሜራው ኋላ ጎንበስ ሲል እኔ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ዋጥ አደረግኩ። ቀና ብሎ አየኝ። አገጭሽን ዝቅ አላለኝም፤ ቀና በይም አላለኝም።

«ተንፍሺ» አለኝ።

ሳሎናችን ውስጥ አሁን የተሰቀለው ያ ፎቶ ነው፤ ከነጠባሳዬ፣ ከነማዲያቴ። እንግዳ ሲመጣ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ማን ናት ብሎ ግን የሚጠይቀኝ የለም።