ለፍየሏ ያጠርኩት አጥር

ጅጅጋ ጓሮዬ ውስጥ ቲማቲም የተከልኩበት የላስቲክ ቤት አለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላቸው የጎረቤቴ የሆዳን ፍየል ደግሞ እንደ ልጅ በስም የምትጠራ፣ ሰፈሩን ስትዞር የምትውል ቅምጥል ናት። ላስቲኩን ሁለቴ ቀዳ ገብታ ችግኜን ጨረሰችው። መላ መቼ ጠፍቶኝ! ከከተማ ወጣ ብዬ እሾኻም የግራር ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ በባጃጅ ጭኜ አመጣሁና ዙሪያውን አጠርኩ።

«እስቲ አሁን ወንድ ከሆነች ትምጣ!» አልኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ አጥሬ ባዶ እንጨት ሆኗል። ፍየሏ ሥሩ ተኝታ ታመሰኳለች። ልጮህ አፌን ስከፍት ኤዶ ሆዳን ወተት በጆግ ይዘው ገቡ።

«ግራር እንደምትወድ ማን ነገረህ ልጄ? አላህ ይስጥህ፤ ነገም አምጣላት» አሉኝ። ከዚያ ወደ ላስቲክ ቤቱ አየት አድርገው፣ «ቲማቲሙን ግን ተው አትስጣት፤ ሆዷን ይነፋታል።»